የእርሳስ አቤቱታ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ከችሎቱ በር፣
ጠጠር ጭኖ ከሚያልፍ ሲኖትራክ፣ ከአቧራው ጋር ስንከባበር፣
ሃያ ሁለት ዓመቴ ባንድ ዣንጥላ ሥር።
«ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብዬ የጀመርኩት ወረቀት
ቢደረደር ይደርሳል ደብረ ዘይት።
ሰው እንባውን ያመጣል፣ እኔ አንቀጽ እሰጠዋለሁ፤
እርግማኑን አወጣለሁ፣ ቀኑን አስገባለሁ።

ማክሰኞ ዲንቄ መጣች፣ ነጠላዋ እንደ ኀዘንተኛ፣
ዓይኗ ሦስት ሌሊት ያልተኛ፤
«ለሚን ወሰዱት» አለች፣ «ልጄን፣ የጋራዡን ሠራተኛ።
ፑል ቤቱ ተሰብሮ አደረ፣ ሣጥን ጎድሏል አሉ፣
ሲወጣ አይተነዋል ብለው ሁለት ሰዎች ማሉ።
ጠበቃ በስንት ነው?»
ነገርኳት።
ጣቷን ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።
ያላትን ጣት ጨረሰች።

ማታ ኮንዶሚኒየሜ ገባሁ፣ አራተኛ ፎቅ፤
መብራት የለ፣ ውኃ የለ፣ ደረጃው ብቻ የማይደርቅ።
ተከራዬ ሙሉዓለም፣ የማታ ሕግ ተማሪ፣
በሻማ ተቀምጧል፣ የአሜሪካን መዝገብ መርማሪ።
«ስሚኝ እትዬ» አለ፣ «ያንቺን ሥራ የሚመስል፣
ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ድኻ፣ ፑል ቤት ሰብረሃል ሲባል...»
«ፑል ቤት?»
«ፑል ቤት። ሳንቲም ወስደሃል ተባለ።
ጠበቃ አቁሙልኝ ቢል፣ ዳኛው ሕጉ አይፈቅድም አለ።
ራሱ ጠየቀ፣ ራሱ ተከራከረ፣ አምስት ዓመት ተቀበለ።
ከእስር ቤት ሆኖ፣ በመስመር ወረቀት፣ በእርሳስ፣
ለላይኞቹ ጻፈ፣ ፊደሉ ሲንጋደድ፣ ሰዋስው ሲፈርስ።
ዘጠኙ ዳኞች አነበቡለት፤
በእኛ ሃምሳ አምስት፣ በመጋቢት፣
ድኻ ያለ ጠበቃ አይቆምም ብለው ፈረዱለት።
ክሱ እንደ አዲስ ተሰማ፤ ጠበቃው ያልተጠየቀውን ጠየቀ፣
ሰውዬው በነጻ ወጣ፣ ነገሩ አለቀ።»

«በእርሳስ?» አልኩት። ሌላው ብዙም አልገረመኝም፤
በእርሳስ የጻፈ ሰው የኛን ሬጅስትራር ደጅ አያልፍም።

ሙሉዓለም ልጅ ነው፣ ግን የገጹን ጀርባ አልደበቀም፦
«እነዚያ ወንበሮች ሁሌ ትክክል አልነበሩም።
ጥቁርና ነጭ ይለያይ፣ እኩል ነው ብለው ፈርደው፣
ሃምሳ ስምንት ዓመት ቆመ፣ የልጆች አባቶች ከስሰው እስኪንደው።
ደግሞ ሴት በገዛ አካሏ ያገኘችውን፣ ሃምሳ ሊሞላው ሲል፣
ባንድ ጠዋት አነሡት፣ ስህተት ነበር በሚል።
መብት እንደዚህ ቤትሽ ነው እትዬ፤ ዕጣው ቢወጣልሽም፣
ቁልፉን ይዘሽ ገብተሽም፣
ቧንቧውን ሳትከፍቺ አታምኚም።»

እኛም ዘንድ ተጽፏል፦ አንቀጽ ሃያ፣ ንዑስ አምስት።
እጄ ያውቀዋል፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፈው ነገር ነው፣ ስንት ጊዜ ጻፍኩት።
ያን ሌሊት ግን ለለሚ
መጀመሪያ በእርሳስ ጻፍኩት፣ ቀስ ብዬ፣
ለምን እንደሆን እንጃ፣ ፊደሉን አንጋድጄ፣
ጠዋት በኮምፒዩተር አስገለበጥኩት።
የዲንቄን ሒሳብ አልተቀበልኩም፤ እሷም አልለመነችኝም።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው፣
«ተከላካይ ጠበቃ ይቅረብለት» አሉ፣ ለሁለት ሳምንት ቀጥረው።
ሁለት ሳምንት። ዲንቄ በጣቷ።

በቀጠሮው ችሎት ገባሁ፤ የኔ ቦታ ደጅ ነው፣ ውስጡ አይመቸኝም።
አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ፋይል በብብቷ አጣብቃ፣
ጫማዋ አቧራ የለበሰ፣ የመንግሥት ጠበቃ፣
ሚኒባስ አጥታ ዘግይታ፣ ላብ በላብ ሆና፣
መዝገቡን የምታነበው ቆማ፣ ዐርባ መዝገብ አለባትና።
አላመንኳትም። ይቺ ምን ልታደርግ፣ አልኩ በሆዴ።

ቀና አለች። የእስረኞቹን አግዳሚ አየች።
«ለሚ የቱ ነው?» አለች።

ለሚ እጁን አነሣ፤
ባንድ ካቴና አብሮት የታሰረው ሽማግሌ እጅም
አብሮ ተነሣ።